የእትዬ ማስመሪያ የሕይወት ታሪክ፤ በታናሽ ወንድማቸው የተጻፈ

ታላቅ እህቴ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው እና ከእናታቸው ከጨርቅ ነጋዴዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ከአባታችን ሱቅ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እናታችን ያወሩ እንደነበረው፣ በተወለዱ ዕለት አባታችን የልብስ ሜትራቸውን አንስተው ከራስ እስከ እግር ለኳቸውና ቁጥሩን በስፌት ጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉት። እህቴ ሌላውን መለካት ከመጀመራቸው በፊት አስቀድመው ተለክተዋል ማለት ነው።

እኔ የመጣሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ «እትዬ» ብዬ ጠርቻቸው «አንቺ» ብዬ ነበር የማናግራቸው። ወረቀት ላይ «እርሳቸው» ማለት ወግ ስለሆነ እንደዚያው ጽፌዋለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ «ዛሬ ገና አከበርከኝ?» ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

በ1958 ዓ.ም. በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከአንደኝነት ሳይወርዱ ተማሩ። ከሂሳብ ይልቅ መስመር ማስመር ይወዱ ነበር ይላሉ መምህሮቻቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1970 ዓ.ም. ጨርሰው፣ በጤና ማሠልጠኛ ተቋም የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ተምረው፣ ሐምሌ 1973 ዓ.ም. በከተማው ትልቁ ሆስፒታል ተቀጠሩ። ሥራ የጀመሩ ቀን አባታችን የእጅጌና የኮሌታ ጠርዝ የሚለኩበትን አጭር የብረት ማስመሪያ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጧቸው። እህቴ ያንን ማስመሪያ በጋዋናቸው የደረት ኪስ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይዘውት ኖረዋል። «እትዬ ማስመሪያ» የሚለው ስም የወጣላቸውም በዚሁ ነው። ግማሹ ሆስፒታል የመዝገብ ስማቸውን አያውቅም ነበር።

ለማያውቅ ሰው ሥራቸውን ልግለጽ። የታመመ ሰው ሽንት ወይም የቁስል መግል ይመጣላቸዋል። በትንሽ ሰሃን ላይ ይቀቡትና፣ በላዩ ላይ በተለያየ መድኃኒት የተነከሩ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ክብ ወረቀቶች ይደረድራሉ። ሰሃኑ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ባክቴሪያው ሰሃኑን እንደ ሻጋታ ሸፍኖት ይገኛል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ግን በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ንጹሕ ክብ ይታያል። እህቴ ያንን ክብ በማስመሪያቸው ይለኩታል። ክቡ ሰፊ ከሆነ ሰውየው ይድናል። ክብ ከሌለ ያ መድኃኒት ለዚያ ሰው ውሃ ነው። እንግዲህ እህቴ ዕድሜ ልካቸውን የለኩት ባዶ ቦታ ነው።

በ1976 ዓ.ም. የሆስፒታሉን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገቡ። የተዋወቁት ማሞቂያ ሣጥኑ ተበላሽቶ ሊጠግን ሲመጣ ነው። ሣጥኑ በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ተበላሸ። ከሠርጉ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተበላሸም። አማቼን በዚህ ነገር እስኪሞት ድረስ አልለቀቅኩትም፤ እርሱም አንድ ቀን እንኳ አላመነም። ከዚህ ጋብቻ ዛሬ መምህርት የሆነች ሴት ልጅና የአባቱን ሙያ የያዘ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸውን በ2007 ዓ.ም. በሞት አጥተዋል።

እኔ በ1986 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ርቆ ባለው ጥግ ላይ የመድኃኒት መደብር ከፈትኩ። አባታችን ያን ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስፌቱን ትተው ነበርና መቀሳቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ባንኮኒው ላይ በገመድ አሰርኩት። ማስመሪያው ለእህቴ፣ መቀሱ ለእኔ ደረሰ። ሰው ሁሉ «የልብስ ሰፊው ልጆች ተሳካላቸው» ይል ነበር፤ እኛም አመንን።

እህቴ በሥራ ክፍላቸው ሁለት መዝገብ ነበራቸው። ሰማያዊው ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ውጤት የሚጻፍበት ነው። አረንጓዴው የተመላላሾች ነው፤ ከቤታቸው በእግራቸው መጥተው፣ ናሙና ሰጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ሁለቱን መዝገብ በእጃቸው መጻፍ አልተዉምና። መልሳቸው «ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያሳየኛል፤ መዝገቡ ግን መንገዱን ያሳየኛል» የሚል ነበር።

መንገዱ ይህ ነው። ሥራ በጀመሩ ሰሞን በሰማያዊውም በአረንጓዴውም ክቦቹ ሰፊ ነበሩ፤ ሃያ አራት ሚሊሜትር፣ ሃያ ስድስት። በሰማንያዎቹ ውስጥ የሰማያዊው መዝገብ ክቦች ጠበቡ። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ መድኃኒት ስለሚሰጥ፣ በሽተኛና በሽተኛ ጎን ለጎን ስለሚተኛ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶ መቋቋም ጀምሮ ነበር። እህቴ ያኔ «የተኛው ነው የሚያሳስበኝ፤ የቆመው ደህና ነው» ይሉ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የቆመውም መጥበብ ጀመረ። አንድም ቀን የሆስፒታል አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ተራ የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዞት መጥቶ፣ በሰሃኑ ላይ ከአስራ ሁለት ወረቀት ስድስቱ ያለ ክብ ይቀሩ ጀመር። በ2002 ዓ.ም. ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ፣ ሽፋናቸውን ካልሆነ በቀር ይዘታቸውን መለየት አልቻሉም። ይህን ለሆስፒታሉ ስብሰባ አቀረቡ። ራስ ተነቀነቀ፣ ጉዳዩ «ትኩረት የሚሻ» ነው ተባለ፣ ከዚያም ጆሮ ዳባ ልበስ። በዓመቱ ደግመው አቀረቡ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ስለዚህ በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ናሙና ይዞ ለሚመጣ ተመላላሽ ሁሉ ናሙና በሚቀበሉባት መስኮት በኩል አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ፤ «ከዚህ በፊት ምን ወስደው ነበር? ከየት?» የሚል። መልሱን በአረንጓዴው መዝገብ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም።

በ2003 ዓ.ም. አንዲት የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ የፀጉር ሠራተኛ፣ በአረንጓዴው መዝገብ ላይ ተመዘገበች። ኩላሊቷን አሟት ነበር የመጣችው። ከሰሃኗ ላይ ሁለት ክብ ብቻ ተገኘ፤ ሁለቱም ጠባብ። በሳምንቱ ስሟ ወደ ሰማያዊው ተዛወረ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሁለቱም ወጣ። በስሟ ትይዩ በኅዳጉ ላይ እህቴ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «አራት ፍሬ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከጥጉ መደብር።»

ጥጉ ላይ ያለው መደብር የእኔ ነው።

ልጅቷ ባረፈች ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ መጡ። ባንኮኒው ላይ አንድ ሰው ነበር፤ እስኪወጣ ጠበቁ። እኔም የሰውየውን ማሸጊያ በመቀሱ ከሁለት ቆርጬ ግማሹን ሰጠሁት። ከዚያ የተናገርነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሰባት ቀን የሚወሰደውን ለምን ለሁለት ቀን ትሰጣለህ?» አሉኝ።

«ያለው አቅም ለዚያ ነዋ። ምን ላድርግ፣ ባዶ እጁን ልሸኘው?»

«አዎ፣ ሐኪም ጋ ሸኘው።»

«እትዬ፣ እኔ ባልሰጥ ሌላው ይሰጣል።»

«ሌላው ወንድሜ አይደለም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ምላስ አጥንት የለውም፤ ቀጠልኩ። «ደግሞስ አቋርጦ ቢጎዳ ራሱን ነው። እኔ በግድ አላስቋረጥኩት» አልኳቸው። እህቴ ባንኮኒው ላይ የተንጠለጠለውን መቀስ አየት አደረጉና፣ «አባባ በዚህ መቀስ የሰው ልብስ አበላሽተው አያውቁም» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለአስራ ሦስት ዓመት የመደብሬን ደጃፍ አልረገጡም። አልተጣላንም። ልጆቼን እንደ ልጆቻቸው ያዩ ነበር፤ ስታመም ቀድመው የሚደርሱት እርሳቸው ነበሩ፤ እናታችንን አብረን ነው የቀበርነው። በመደብሬ በኩል ሲያልፉ ግን ከመንገዱ ማዶ እጃቸውን ያነሳሉ እንጂ አይሻገሩም። እኔም እጄን አነሳለሁ። አንዳንዴ በዚያች እጄ መቀሱን እንደያዝኩ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ እርሳቸው «ጊዜ ሲያልቅ ሰዓት ይሰጡሃል» ብለው ሳቁ። ማስመሪያቸውን ራሳቸው ላሠለጠኗት ተተኪያቸው አስረከቡ። ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን እየሄዱ አዲስ ሠራተኞችን ያስተምሩ ነበር። ተተኪያቸው የኅዳጉን ጥያቄ ከመስኮቷ እንዳታስቀር አደራ ብለዋት ነበርና አላስቀረችም።

ዘንድሮ የካቲት 5 ቀን ጎናቸውን አመማቸው። ሁለት ቀን ብርድ ነው ብለው አሳለፉት። ትኩሳቱ ሲበረታ ልጃቸው ወደ እኔ ደወለች፤ እኔም የለመደብኝን፣ አንድ ማሸጊያ በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ይህን ጊዜ እንኳ ሙሉውን ነበር የያዝኩት። እህቴ በአልጋቸው ላይ ሆነው እጄን አዩና፣ «ናሙና ሳልሰጥ አንድ ፍሬ አልውጥም። ኪስህ መልሰው» አሉኝ። የካቲት 7 ቀን ሆስፒታል ገቡ። በራሳቸው መስኮት በኩል፣ በራሳቸው እጅ ናሙናቸውን ሰጡ። ተተኪያቸው፣ እርሳቸው አልጋ ስለያዙ፣ በሰማያዊው ልትመዘግባቸው ስትል ከለከሏት። «ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት። በአረንጓዴው ጻፊኝ» አሏት።

ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ልጅቷ አፍራ ነበር፤ ግን የተማረችው ከእርሳቸው ነውና ጠየቀች፤ «ከዚህ በፊት ምን ወስደው ነበር? ከየት?» እኔ ደግፌያቸው ቆሜያለሁ።  አንድ ጊዜ፣ ምናልባት አማቼ በሞተበት ሰሞን፣ ምናልባት በልጃቸው በኩል፣ ከእኔ ዘንድ አንድ ነገር ወስደው ይሆን እያልኩ አእምሮዬን ሳገላብጥ እህቴ መለሱ። «ምንም። ከየትም።»

እውነታቸውን ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ አልዋጡም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን ወዲያው አስራ ሦስት ዓመት የተደገፍኩበት ነገር ከሥሬ ተንሸራተተ፤ «አቋርጦ ቢጎዳ ራሱን ነው» ያልኩት። እህቴ ምንም አላቋረጡም። ምንም አልጀመሩም።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ የሚባለው ነው፤ በእኛ በሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የማያስፈራ ተራ ነገር። ከሽንት አልፎ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ተተኪያቸው የሰሃኑን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች። እህቴ መነጽራቸውን ጠይቀው አዩት። በአስራ አንዱ ወረቀት ዙሪያ ምንም ክብ የለም፤ ባክቴሪያው እስከ ጠርዛቸው ድረስ በቅሏል። በአስራ ሁለተኛው ዙሪያ ብቻ ክብ አለ።

«ስንት ነው?» አሏት።

«አስራ ሰባት።»

«በየትኛው ማስመሪያ ለካሽው?»

«በእርስዎ።»

«እንግዲያው ትክክል ነው» ብለው ስልኩን መለሱላት።

ያ አንድ መድኃኒት ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሐኪሞች የሚፈሩት፣ በሆስፒታሉም ያለቀ ነበር። እኔ ዕድሜዬን መድኃኒት ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ መደርደሪያዬ እስከ ጣሪያ የሞላ፣ ለእህቴ የሚሆን አንድ ብልቃጥ አጣሁ። ሁለት ቀን አከፋፋይ ለአከፋፋይ ዞሬ፣ በሦስተኛው ከሌላ ከተማ አስመጣሁት። ትኩሳታቸው ወረደ። ሁለት ቀን ተቀምጠው አወሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ተረብ አደረጉ፣ እኔንም «መላጣህ ሰፍቷል፤ አምጣ ልለካው» አሉኝ። ከዚያ ኩላሊታቸው መሥራት አቆመ።

ከሁለቱ ደህና ቀናት በአንዱ ብቻችንን ሳለን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ አንቺ ሳትወስጂ ከየት መጣብሽ?» ትራሳቸውን አስተካክለው ተደገፉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ከሰው እጅ፣ ከበር እጀታ፣ ከውሃ፣ እኔ እንጃ። አንዱ ያቋረጠው ሌላው ውስጥ ይቀጥላል። ልትገባህ ይገባ የነበረችው ይህች ብቻ ናት።» ቀጥለውም አደራ አሉኝ። «ታሪኬን አንተ ጻፈው። ‹ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው› ብለህ እንዳታልፈው። እንደዚያ ተብሎ የተቀበረውን ሰው ሁሉ እኔ ጋ መዝገብ ላይ አውቀዋለሁ። ስሙን ጥራው፣ ሰው ይስማ።» ለምን እኔ፣ ልጅሽ መምህርት አይደለችም ወይ ብላቸው፣ «እሷ አሳምራ ትጽፈዋለች። አንተ ግን ታውቀዋለህ» አሉኝ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔን የመከሩኝ እርሳቸው ነበሩ። መከራው ግን እኔን አልፎ መካሪዬን አገኘ። በዚህ ተረት ውስጥ ለእንደዚህ ያለው የተባለ ነገር የለም።

ስለዚህ እንደታዘዝኩት እጽፋለሁ። እህቴ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ ማክሰኞ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ መድኃኒት በተላመደ ተራ ባክቴሪያ፣ ደማቸው ተመርዞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከአስራ ሁለት መድኃኒት አስራ አንዱ አልሠራላቸውም። ከአስራ አንዱ ዘጠኙ በእኔ መደርደሪያ ላይ አሉ። ሁሉንም በግማሽ ሸጫቸዋለሁ።

መቀሱን የፈታሁት ውጤቱ በወጣ ቀን ነው። ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፤ ጨርቅ ይቆረጥበት፣ ለዚያ ነው የተሠራው።

ትናንት ለዚህ ወረቀት የሚሆነውን ፎቶግራፋቸውን ከመደብሩ ለማምጣት ከፍቼ ገባሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው ተከትሎኝ ገባ። ለለቅሶ የመጣ ወዳጃችን ነው። አቅፎ አጽናናኝ፣ ስለ እህቴ ደግነት ነገረኝ፣ ዓይኑም እንባ ያቀረረ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉሮሮዬን ይዞኛል፤ ነገ ለቀብሩ እንድቆም አራት ፍሬ ብቻ ቁረጥልኝ» አለኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ገመዱ ሄደ። ገመዱ ባዶውን ነበር። ሐኪም እንዲያየው ለመንኩት። «በእህትህ ለቅሶ ቀን እንኳን?» ብሎ በጣም ተቀየመኝና ወጣ። በመስታወቱ አየሁት፤ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ካለው መደብር ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ትንሽ ነገር ደረት ኪሱ እየከተተ ወጣ። ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ ቆሟል። ስሙን አልጠራም፤ እንደ እርሱ ያለው ብዙ ስለሆነ።

እኔ ባልሰጥ ሌላው ይሰጣል ብያቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ሰጠ። ሌላው ወንድሜ አይደለም ብለውኝ ነበር። ይህን ለመስማት ግን አስራ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ አሁን ልነግራቸው ብል የሉም።

እህቴ ለባለቤታቸው ታማኝ፣ ለልጆቻቸው ቆራጥ፣ ለማያውቁት በሽተኛ እንደ ዘመድ የሚጨነቁ ሴት ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ የእጃቸውን ጽሕፈት አጥንተው እስከዛሬ እንደ እርሳቸው የሚጽፉ ሰባት ተማሪዎች እና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። በአረንጓዴው መዝገብ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በስማቸው ትይዩ፣ በኅዳጉ በእርሳስ «ምንም፤ ከየትም» የሚል ተጽፏል።

ላስታመሙ፣ ላለቀሱ፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጡ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ጠባብ ሲለኩ ለኖሩት እህታችን፣ ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊና ንጹሕ ስፍራ ይስጥልን። ለእኛ ለቀረነው ደግሞ፣ ገና ክብ ያለው መድኃኒት ሳያልቅብን፣ ልብ ይስጠን።